ሥራ መስለው ሰዓት የሚበሉ ነገሮች
ልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት ለተነሱ ወጣቶች

ትምህርታቸውን ጨርሰው ወይም አቋርጠው በእጅ ሙያ ለመተዳደር የሚነሱ ወጣት ወንድሞችና እህቶች በየከተማው ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ልብስ ስፌትን የሚመርጡት ጥቂት አይደሉም። አባት ዕቁቡን ያወጣል፣ እናት ያጠራቀመችውን ትጨምራለች፣ አንድ የስፌት መኪና ይገዛል፣ ትንሽ ክፍልም ይከራያል። ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው ተሸጦ የኪራይ ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ «ገበያ የለም» ነው። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ብዙ ጊዜ የጠፋው ሰዓት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሸቀጥ የሚነግድ ሰው ዛሬ ያልተሸጠለትን ዕቃ መደርደሪያው ላይ አሳድሮ ነገ ይሸጠዋል። ባለሙያ ግን የሚሸጠው ሰዓቱን ነው፤ ዛሬ ሳይሰፋበት ያለፈ ሰዓት ለነገ አይተርፍም። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሰዓት የሚበሉት እንቅልፍና ጨዋታ ብቻ አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ሥራ መስለው ይመጣሉ። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

1ኛ. ማለቂያ የሌለው ዝግጅት

ታፔላው እስኪሳል፣ ግድግዳው እስኪቀባ፣ መስታወቱ እስኪሟላ እየተባለ ኪራይ የሚከፈልበት ቤት ሳይከፈት ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ታፔላ ልብስ አይሰፋም! ሱሪ ለማሳጠር፣ ዚፕ ለመቀየር፣ ቀሚስ ለማጥበብ መኪና፣ መቀስ፣ ሜትርና ካውያ ይበቃሉ። እነዚህን ጥቃቅን ሥራዎች ለዘመድና ለጎረቤት በመሥራት መጀመር እጅን ያፍታታል፤ ደንበኛንም ከኪራዩ በፊት ያስገኛል። የንግድ ፈቃድ ግን የሚታለፍ አይደለም። የሚፈለጉትን ወረቀቶች ወረዳው ዘንድ አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ በዝርዝር ጽፎ፣ አሟልቶ መሄድ መመላለስን ይቀንሳል።

2ኛ. ለአንድ ዚፕ መርካቶ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነስቶ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ጀማሪ ሰፊ ይህን ጉዞ ሰኞ ለክር፣ ረቡዕ ለገበር፣ ዓርብ ለቁልፍ ያደርገዋል። ከመኪናው ጎን አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ሊያልቅ የተቃረበው ዕቃ ወዲያው ይጻፍበት፤ ግዢውም በሳምንት በአንድ ቀን ብቻ ይሁን። ጥቁርና ነጭ ክር፣ የመኪና መርፌና የተለመደው ዚፕ ግን ምን ጊዜም ከቤት አይጥፉ።

3ኛ. በቃል የሚያዝ ልክና ዱቤ

«አስታውሰዋለሁ» የተባለ የትከሻ ልክ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል። የተሰፋው ይተረተራል፣ እንደገና ይሰፋል፤ አንድ ቀሚስ የሁለት ቀሚስ ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። ልክ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ዋጋ፣ ቀብድና የመረከቢያ ቀን ደንበኛው ፊት ይጻፉ። ቀሪው ገንዘብ በዱቤ ከሆነም ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር መሆኑን ያስታውሷል። ባለ ዕዳው ዘመድ ቢሆንም መጻፉ ዝምድናን ይጠብቃል እንጂ አያሻክርም።

4ኛ. «ነገ ነዪ»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የማይደርስ ልብስ የተቀበለ ሰፊ በቀን አሥር ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ምክንያት ሲደረድር ይውላል፤ መኪናውም ቆሞ ይውላል። የሚባክነው የእሱ ሰዓት ብቻ አይደለም። የዒድ ልብስ ለልጆቿ ያዘዘች እናት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በዋዜማው ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የተሰበረው ቃል ኪዳን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንዲት ጀማሪ በቀን 2 ቀሚስ ትጨርሳለች እንበል። ከ29 የረመዳን ቀናት 4ቱን ለግዢና ለዕረፍት፣ የመጨረሻዎቹን 5 ቀናት ለማስተካከያ ብትተው 20 ቀን ይቀራታል፤ ይህም 40 ቀሚስ ነው። ለ41ኛዋ ደንበኛ «ከዒድ በኋላ እንጂ አሁን አይደርስልሽም» ማለት ገበያ መግፋት አይደለም። እውነት የተነገራት ደንበኛ ተመልሳ ትመጣለች።

የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ አቆጣጠር በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ዒድ በየዓመቱ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። ዒድ አል-ፈጥር በ2016 ሚያዝያ 2 ሲከበር፣ በ2017 የዋለው መጋቢት 21 ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ጥያቄ ግን ዘወትር መስከረም ሲቃረብ ይመጣል። ስለዚህ የዘንድሮን የሥራ ጊዜ በአምናው ቀን መገመት አይበጅም።

5ኛ. ሱቁን መዋያ ማድረግ

ጓደኛ «ሰላም ልበል» ብሎ ይገባል፣ ሻይ ይመጣል፣ አንዳንድ ቦታም ጫት ይከተላል፤ ስልኩ ደግሞ በየመሐሉ ይጠራል። እንግዳን ማባረር ከአደባችን ውጭ ነው፤ ሰዓቱን መለየት ግን ይቻላል። ለሶላት ለሚቆም ሰው ቀኑ ቀድሞውኑ ተከፋፍሏል። ከጠዋት እስከ ዙህር ለቅድና ለስፌት፣ ከዙህር እስከ አስር ለማስለካትና ለማስተካከያ፣ ከአስር በኋላ ለማስረከብና ለእንግዳ ማድረግ ይቻላል። የጥቃቅን ሥራዎች ዋጋ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም የቀኑ ክርክር ያጥራል።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ለአንድ ሳምንት ያህል ማታ ማታ በደብተራችሁ ላይ ይህችን ብቻ ጻፉ፦ «ዛሬ መኪናው ስንት ሰዓት ሠራ?» ስምንት ሰዓት ተከፍቶ የዋለ ሱቅ ውስጥ መኪናው የሠራው ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ «ገበያ የለም» ከማለታችሁ በፊት አምስቱን ሰዓት ፈልጉ። የእናትና የአባት ጥሪት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።