ስለ ባርናርድ ኮከብና ስለ አራቱ ፕላኔቶቹ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራበት የመስከረም ምሽት አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ ሰው፣ ከፀሐይ የቅርብ ጎረቤቶች አንዱ ከአናቱ በላይ ሆኖ ሳለ አያየውም፤ የባርናርድ ኮከብ ከእኛ የሚርቀው 6 የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከቀይ ድንክ ከዋክብት ወገን በመሆኑ የሚሰጠው ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ሦስት መቶኛው እጅ ገደማ ነውና ያለ ቴሌስኮፕ ለዐይን አይገለጥም። በ1916 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሊቅ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ የቆየና አዲስ ፎቶግራፍ ሲያስተያዩ፣ ይህ ኮከብ በሰማይ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ እንደሚጓዝ፣ በ180 ዓመት ገደማም የጨረቃን ስፋት እንደሚሻገር ተገነዘቡ።

እኔ ግን ከዚህ ኮከብ ታሪክ ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ሰዎችም ሲያወሩት አዘውትረው የሚያበላሹት፣ የፕሮፌሰር ፒተር ቫን ደ ካምፕን ነገር ነው። ኮከብ ፕላኔት ካለው፣ ፕላኔቱ እየዞረ ስለሚስበው ጉዞው በጥቂቱ ይወላገዳል፤ እኒህ ትውልደ ሆላንዳዊ ሊቅም በአሜሪካ በስፕራውል የከዋክብት መመልከቻ ከ1938 ጀምሮ በተነሡት የመስታወት ሰሌዳዎች ላይ ያን መወላገድ ያገኙ መስሏቸው፣ ከጁፒተር የሚከብድ ፕላኔት መኖሩን በ1963 አበሠሩ። በ1973 ግን ጆርጅ ጌትዉድና ሃይንሪክ አይክሆርን በሌላ ቴሌስኮፕ የተነሡትን ሰሌዳዎች ቢመረምሩ መወላገዱን አጡት፤ በዚያው ዘመን ጆን ኸርሺ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ የስፕራውልን ሰሌዳዎች ሲፈትሹ፣ ሌሎች ከዋክብትም በ1949 አብረው ከስፍራቸው ፈቀቅ ያሉ መስለው መታየታቸውን አሳዩ፤ ያ ዓመት የቴሌስኮፑ ሌንስ ማቀፊያ የተለወጠበት ነበር። እንግዲህ የተነቃነቀው መሣሪያው እንጂ ኮከቡ አልነበረም።

ይህን ያጫወትኩት አንድ ወዳጄ «ስለዚህ ሰውየው ዋሽተዋላ!» ብሎ ቢፈርድ ተቆጣሁ፤ እንዲህ ያለ የችኮላ ፍርድ የምርምርን ባሕርይ ካለማወቅ ይመጣልና። ፕሮፌሰሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1995፣ በሐሳባቸው ጸንተው መቆየታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱን ያጋለጠው በእርሳቸው ዘመን፣ በዚያው ቤት፣ ዕለት በዕለት ተመዝግቦ የተጠበቀው የሰሌዳ መዝገብ ነው፤ ሐሰተኛ ደግሞ በራሱ ላይ የሚመሰክር ማኅደር እንዲህ በትጋት አያቆይም።

የእውነተኞቹ ፕላኔቶች መገኘት የኮከቡን ብርሃን በትኖ ወደ እኛ መቅረቡንና መራቁን የሚለካ ጥበብ እስኪራቀቅ ድረስ ቆየ። በ2024 በቺሊ ያለው ኤስፕሬሶ የተባለ መሣሪያ አንዱን አሳወቀ፤ በ2025 በሃዋይ ያለው ማሩን-ኤክስ ያንኑ አረጋግጦ የፕላኔቶቹን ቁጥር አራት አደረሰው። ሁሉም ከምድር ያነሱ ናቸው፤ አንዱን ዙር የሚፈጽሙትም ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ ነው። ለኮከባቸው እጅግ ስለሚቀርቡ ግለታቸው ያይላል፤ ስለዚህ በየጋዜጣው «ሁለተኛይቱ ምድር ተገኘች» እያላችሁ የምትጽፉ ሆይ፣ እነዚህን ተዉአቸው። ይልቅስ አዲስ ፕላኔት ተገኘ በተባለ ጊዜ፣ ስለ ውኃውና ስለ ነዋሪው ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ፣ ሁለተኛ መሣሪያ አይቶት እንደ ሆነ ጠይቁ።