እንጉዳይ በምን ይለያል?

ክረምቱ ጠንከር ሲል ጎፋ ውስጥ በኮንዶሚኒየሞች ሣር ላይና በየአጥሩ ሥር እንጉዳይ ብቅ ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን የጅብ ጥላ ብለን እናልፈዋለን። የሚበላውና መርዛማው ግን አንድ ሣር ላይ ሊበቅሉ ይችላሉ። ባለሙያ እንዴት ይለያቸዋል?

የሚጀምረው ከመልክ ነው። የባርኔጣውን ቅርጽ፣ የእግሩን ቀለበት፣ ሽታውንና ሲቆረጥ ቀለሙ መለወጡን ይመዘግባል። ከዚያ ባርኔጣውን ከእግሩ ቆርጦ ነጭ ወረቀት ላይ ይደፋውና በብርጭቆ ከድኖ ያሳድረዋል። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ዱቄት ይገኛል፤ እንጉዳዩ የሚራባበት ስፖር ነው። ሱቅ የሚሸጠው የተለመደው ነጭ እንጉዳይ ዱቄቱ ጥቁር ቡናማ ነው። ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ የተባለው መርዛማ ግን አረንጓዴ ይጥላል፤ የበላውን ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል።

ይሁንና መልክ ያሳስታል። ዝናብና ዕድሜ ቀለም ይለውጣሉ፤ ዝምድና የሌላቸውም ይመሳሰላሉ። ለምሳሌ የድንች ምች የሚያመጣው ተሕዋስ ለረጅም ጊዜ እንደ እንጉዳይ ከፈንገስ ተቆጥሮ ነበር። የሕዋሱ ግድግዳና ዘረመሉ ሲመረመር ግን ዘመዶቹ ቡናማ የባሕር አልጌዎች ሆነው ተገኙ።

ስለዚህ ዲኤንኤ ይመረመራል። ከእንጉዳዩ ቁራጭ ዲኤንኤ ይወጣል፤ አይቲኤስ የሚባለው ክፍል በማሽን ተባዝቶ ይነበባል፤ ከዚያም ቀድሞ ከተመዘገቡ ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራል። ሳይንቲስቶች ይህን ክፍል የፈንገስ ዋና መለያ አድርገው የመረጡት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ጉዳዩ ዳቦአችንንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ የተባለ የፈንገስ በሽታ አጠቃው። የዚህ ዋግ የተለያዩ ዘሮች በዓይንም በማይክሮስኮፕም አይለዩም። በተለመደው መንገድ በ20 የስንዴ መስመሮች ላይ ተረጭተው የትኛውን እንደሚያጠቁ ይታያል፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሆለታ ላይ ቢጫ ዋግ የተባለውን ሌላ የዋግ ዓይነት በሻንጣ በሚያዝ የዲኤንኤ መሣሪያ የመለየት ሙከራ ተደርጓል።

ጎፋ ላለ ነዋሪ መልእክቱ አንድ ነው፦ መልኩን ብቻ አይተው የግቢ እንጉዳይ አይብሉ። የበላና የታመመ ሰው ካለም የተረፈውን እንጉዳይ ይዘው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።