ደጅ የሚያንኳኩ ሠራተኞች

በአገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ ድህነትን በቅርብ የሚያውቁት ሠራተኞች ቢሮ ውስጥ ብዙ አይታዩም። ሶሻል ወርከሯ፣ የራስ አገዝ ቡድን አመቻቿና ቤት ለቤት የምትዞረው ተንከባካቢ ጠዋት ፈርመው ወደ ሰፈር ይወጣሉ፤ በግቢው የሚቀሩት የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ የፕሮግራም ኃላፊው፣ ጸሐፊዋና የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው። ስለ በጎ አድራጎት ሲወራ የሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዱቄቱ፣ ወደ ዘይቱና ወደ ደብተሩ ነው። ዱቄቱ ግን በራሱ እግር ማንም ቤት አይደርስም። ለየትኛው ቤት እንደሚገባ የሚለይ፣ ከገባ በኋላም የቤቱ ኑሮ እንዴት እንደሆነ ተመልሶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ደመወዝተኛው ሠራተኛ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ደብሩና መስጊዱ ነበሩ። ከድርጅቶቹም ብዙዎቹ የተጀመሩት በጥናት ሳይሆን ያየውን አይቶ ማለፍ ባቃተው በአንድ ሰው ነው። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው በዚያ በነበረው ረሃብ ወላጅ አልባ የቀሩ ሁለት ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ከባለቤታቸውና ከዘመድ ተቃውሞ ሲገጥማቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስም ኑሯቸው ከዚያ ሥራ አልተለየም። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም የተጀመረው በመሥራቹ በቢኒያም በለጠ ቤተሰብ መኖሪያ ውስጥ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት የራሱ ጠባይ አለው። መሥራቿ «እማዬ» የምትባል ከሆነ የሥራ መደብ ዝርዝር የተጻፈ ቢሆንም ሁሉም ሰው ሁሉንም ይሠራል፤ ሒሳብ ያዡ ልጅ ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ ምግብ አብሳይዋ የሌሊት ሞግዚት ትሆናለች። ይህ ፍቅር ድርጅቱን ለዓመታት ያቆመዋል። ደመወዝ ሲዘገይ «እኛ ለገንዘብ አይደለም የምንሠራው» ተብሎ ሠራተኛው መብቱን ለመጠየቅ የሚያፍረውም በዚያው ፍቅር ምክንያት ነው።

የሶሻል ወርከር ሙያ በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ሲከፈት ነበር። ትምህርት ቤቱ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጋር ተዘጋ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መልሶ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የደረሰው፣ ኤችአይቪ ቤተሰብ የፈታው፣ አገር በቀል ድርጅቶችም የበረከቱት በእነዚያ ዓመታት ነበር። ክፍተቱን የሞሉት ነርሶች፣ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ድህነት ላይ ከሠሩ ስመ ጥር መሥራቾች መካከል ሲስተር ጀምበር ተፈራና ሲስተር ዘቢደር ዘውዴን የመሳሰሉት ስማቸው በ«ሲስተር» የሚጀምረው በአጋጣሚ አይደለም። ነርስ ከሆስፒታል ወጥታ በሽተኛዋን ቤቷ ድረስ ስትከተል የምታገኘው በሽታውን ብቻ አይደለም፤ የሚያፈስ ጣራ፣ ለአሥር ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤትና ባዶ ድስትም ታገኛለች።

የመስኩ ሥራ በተጠቃሚ ልየታ ይጀምራል። ወረዳው የነዋሪ ዝርዝር ይሰጣል፤ የዕድር ዳኞችና የሰፈር ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ኮሚቴ ስም ይጠቁማል፤ ከዚያ ሶሻል ወርከሯ ቤት ለቤት ሄዳ ታረጋግጣለች። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ማረጋገጥ ነው። በድህነት ውስጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ድህነቱን አይናገርም። ደህና ኑሮ ኖረው የወደቁ አዛውንት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለን» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ጎረቤት የሰጣቸውን ጋቢ ደርበው፣ ወንበሩን ለእንግዳ ለቀው። ጎበዝ ሠራተኛ ቅጹን ቶሎ አታወጣም። ምድጃው ዛሬ እሳት አይቶ እንደሆነ፣ ስንት ሰው በአንድ መደብ እንደሚተኛ፣ በጓዳው መጋረጃ ጀርባ ከሰው የተደበቀ የታመመ ልጅ ይኖር እንደሆነ ዓይኗ ይቃኛል። የቤት ኪራይ፣ የውኃና የትምህርት ቤት ነገር በጨዋታ መሐል ይነሣል።

ቡናው ሌላ ፈተና ነው። ደሃ ቤት ለእንግዳ ቡና ለማፍላት ከሱቅ በብድር ያስመጣል። አልጠጣም ማለት ቤቱን መናቅ ነው፤ ጠጥቶ መሄድ ደግሞ ለልጆቹ የታሰበውን ዳቦ መብላት ሊሆን ይችላል። በሥራው የቆዩ ሠራተኞች ከቡና ሰዓት በፊት መድረስን ወይም በር ላይ ቆሞ ማውራትን ከልምድ ተምረዋል። መኪናም እንደዚሁ። የድርጅት ዓርማ የተለጠፈበት መኪና ደጅ ከቆመ ሰፈሩ በሙሉ «እነ እገሌ እርዳታ መጣላቸው» ይላል፤ ሰዎች ኤችአይቪን በሹክሹክታ ብቻ ያወሩ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ያ ዓርማ የተከራየን ሰው ከቤት ሊያስወጣ ይችል ነበር። ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ወርዶ በእግር መግባት የሥራው አካል ሆነ።

በልየታ መጨረሻ ኮታ አለ። ፕሮጀክቱ የያዘው ቦታ ሲሞላ ዝርዝሩ ላይ ገና ብዙ ስም ይቀራል፤ ላልተያዙት ቤቶች ሄዳ የምትነግረውም ያችው ሶሻል ወርከር ናት። ብዙውን ጊዜ የምትኖረው በዚያው አካባቢ ስለሆነ እምቢ ያለቻቸውን እናት እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰኞ ጉልት ታገኛቸዋለች። ከኪሷ የምትሰጥበት ቀንም አለ። ድርጅቶች ይህን በሥነ ምግባር ደንባቸው ሊከለክሉ ይችላሉ፤ አድልዎ እንዳይመጣና ሠራተኛዋም ራሷ እንዳትቸገር ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ማክበሩ ግን ከባድ ነው።

ከደመወዝተኞቹ ጎን በጎ ፈቃደኞች ይሠራሉ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው ጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ሕሙማን የቀረው እንክብካቤ ብቻ ነበር፤ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋሙትን ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራትና የዕድር በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ያጥቡ፣ ያጎርሱ፣ ልብስ ይለውጡ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ የሚከፈላቸው የትራንስፖርት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣ ያችው ተንከባካቢ ክኒኑ በሰዓቱ መዋጡን የምትከታተል ሆነች። የዚያን ዘመን ሸክም የተሸከሙት እነዚህ ሴቶች የሚገባቸውን ያህል ስማቸው አልተነሣም።

ሌላው የመስክ ሠራተኛ ዓይነት የራስ አገዝ ቡድን አመቻች ነው። አሠራሩ ከሕንድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንና በእንግሊዙ የእርዳታ ድርጅት በቲርፈንድ አማካይነት ተጀመረ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ በጣም ደሃ ሴቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ እንደ አቅማቸው፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ብርም ሊሆን ይችላል፣ ይቆጥባሉ፤ ከተጠራቀመው እርስ በርስ ይበደራሉ። ከዕቁብ የሚለየው ገንዘቡ በዙር ተከፍሎ አለማለቁ ነው፤ እየተበደረ፣ በትንሽ ወለድ እየተመለሰ ይበዛል። አመቻቿ የምትመዘነው ባለመሥራቷ ነው ማለት ይቻላል። ገንዘቡን አትይዝም፣ ሰብሳቢ አትሆንም፣ ማን ይበደር ብላ አትወስንም። መጀመሪያ ሰሞን «ድርጅቱ ምን ይሰጠናል?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ እሷ መልሱ «ምንም» መሆኑን እየነገረች ሴቶቹ ግን እንዳይበተኑ ማድረግ አለባት። ሳጥኑን በየተራ ሲይዙ፣ ማንበብ የማትችለዋ ሴት ስብሰባ ስትመራ፣ የዘገየ ብድር ሳይጣሉ ሲጠይቁ የአመቻቿ ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል። ቡድኖቹ ሲበዙ ተወካይ ልከው ክላስተር ያቋቁማሉ፤ አዲስ ቡድን የመመሥረትና የመከታተል ሥራም ቀስ በቀስ ወደ ክላስተሩ ይዛወራል።

በቢሮ የሚቀሩት ሥራቸው የማይታይ ነው። ለጋሹ ደረሰኝና ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ሽንኩርትና ከሰል የምትሸጠው ባለጉልት ግን ደረሰኝ የላትም። ያን ክፍተት በቃለ ጉባኤ፣ በፊርማና በምስክር ሞልታ ለኦዲተር የምታስረዳው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። የክትትልና ግምገማ ባለሙያው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተነገረውን የቤት ጭንቀት በእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥር ያደርገዋል፤ በዚህ ጉዞ ብዙ ነገር ይወድቃል፤ ለምሳሌ የራስ አገዝ ቡድን አባላት በአንዷ የለቅሶ ቀን አብረዋት ማደራቸው የሚጻፍበት ሳጥን የለም። ሾፌሩ ሠራተኛ በተለዋወጠ ቁጥር የቤቶቹን አድራሻ የሚያስታውስ መዝገብ ነው። ችግረኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛውን ነው፤ በሩ ላይ የሚሰጠው መልስ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ለብዙ ሰው የድርጅቱ መልስ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ዋጋ በሕግ የተለካበት ጊዜም ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶች በዓመት ከሚያወጡት ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር እንዲሆን ደነገገ። ሐሳቡ መነሻ ነበረው፤ በደሃ ስም የመጣ ገንዘብ በመኪናና በአበል እንዳያልቅ ሕዝቡም ይፈልግ ነበር። ችግሩ ተከታዩ መመሪያ «አስተዳደር» ያለው ነገር ስፋት ነው። በተለምዶ 70/30 የሚባለው ይህ መመሪያ ከፕሮጀክቱ ጋር የተያያዘውን ትራንስፖርት፣ ክትትልና ግምገማውን፣ የመስክ አበሉን ሳይቀር ወደ አስተዳደር ወጪ መደበ። በዚህ ስሌት ዱቄት አከፋፍሎ የሚመለስ ድርጅት ቁጥሩ ያምራል፤ ራቅ ወዳለ ቀበሌ በየሳምንቱ ሰው ልኮ ሴቶችን የሚያደራጅ ድርጅት ግን አባካኝ ይመስላል። ሥራው ራሱ ጉብኝት የሆነበት ድርጅት ጉብኝቱን እንደ ብክነት ማስመዝገብ ነበረበት። አንዳንዶች የመስክ ምልልስ ቀነሱ፣ አንዳንዶች ክትትሉን ተዉ፤ ጉዳቱ የደረሰው ከመንገድ በጣም በራቁት ቤቶች ላይ ነው።

አዋጁን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ ሲታይ የጠበበ ይመስላል። ትርጉሙን ግን አስተካከለው። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኘው፣ ለድርጅቱ ህልውና የሚያስፈልገው ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራትና ውኃ የመሳሰለው። ቤት ለቤት የምትሄደው ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ በሕግ ፊት ሥራው ራሱ ሆነች። በለጋሾች ዘንድ ግን አሮጌው አስተያየት አልጠፋም፤ «ከመቶ ብር ስንቱ ለተጠቃሚው ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ደመወዟ አሁንም ካልደረሰው ወገን ይቆጠራል።

የዚህች ሠራተኛ የሥራ ዋስትና እንደ ፕሮጀክቱ ዕድሜ ነው። ኮንትራቷ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይሆናል፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከደመወዟ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራዋም ያልቃል። የመጨረሻዎቹ ወራት በሁለት ልብ የሚያልፉ ናቸው፤ ቤተሰቦቹን እያበረታታች ለራሷ ማስታወቂያ ታነባለች። ይህ በዝግታ የሚሆነው ነገር ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆነ። ገንዘባቸው ከዚያ ይመጣ የነበረ አገር በቀል ድርጅቶች «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሠራተኞቹም ለቤተሰቦቹ ሳይሰናበቱ ከመስክ ተጠሩ።

በሥርዓቱ የተዘጋ ፕሮጀክት ግን ርክክብ አለው። ወራት ቀደም ብሎ ለቤተሰቦቹ ይነገራል። ፋይሎቹ ተቆጥረው ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሰጣሉ፤ መድኃኒት ላይ ያሉት ከጤና ጣቢያው፣ ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር በስም ይተዋወቃሉ። የራስ አገዝ ቡድኖቹ ለክላስተሩ ይተላለፋሉ፤ ስብሰባቸው በዚያው ቀንና ሰዓት ይቀጥላል። ሠራተኛዋ መታወቂያዋን፣ ቦርሳዋንና የቢሮውን ቁልፍ ፈርማ ትመልሳለች። ስልክ ቁጥሯ በቤተሰቦቹ እጅ ስለሚቀር በቀጣዮቹ ወራትም ይደውሉላታል፤ አንዷ ለልጇ ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ የት እንደሚጻፍ ለመጠየቅ፣ ሌላዋ ባሏ መታመሙን ለመንገር፣ አንዳንዷም ለዝክር ለመጥራት ብቻ።