ያልተጻፈ ጨዋታ፣ ያልተሸፈነ ባሕርይ

በፊልም ላይ ደግና ትዕግሥተኛ ሆኖ ያያችሁት ተዋናይ በእውነተኛ ሕይወቱም እንዲያው ይመስላችኋል? ብዙዎቻችን ይመስለናል። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ቃሉን የጻፈለት ደራሲ፣ አነጋገሩን ያረመለት አዘጋጅ አለ። ሰውዬውን ራሱን በመጠኑም ቢሆን ለማየት ከፈለጋችሁ ድርሰት በሌለው የጨዋታ ውድድር ላይ ተመልከቱት።

በበዓላት ሰሞን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታዋቂ ተዋንያንንና ድምፃውያንን ጋብዘው ሲያጫውቱ አይታችሁ ይሆናል። ከአገራችን የጨዋታ ውድድሮች መካከል ደግሞ ነጻነት ወርቅነህ በኢ.ቢ.ኤስ. ያቀረበው «የቤተሰብ ጨዋታ» በሰፊው ይታወቃል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ተጀመረ። አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ለ100 ሰዎች ይቀርባል፤ ተወዳዳሪዎቹም አብዛኛው ሰው ምን ብሎ እንደመለሰ ይገምታሉ። የሚፈለገው ሰዎቹ የሰጡት መልስ ስለሆነ ሸምድዶ መምጣት አያዋጣም።

እንግዲህ ባሕርይ የሚወጣው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ቃል መምረጫ ፋታ የለም። ሁለተኛ፣ መሸነፍ አለ፤ አንዱ ስቆ ሲያልፈው ሌላው ከዳኛው ጋር ይከራከራል። ሦስተኛ፣ የቡድን ጓደኛ ይሳሳታል። እኔ ከሁሉም በላይ የማስተውለው ይህን ነው። አንዱ «አይዞህ!» ብሎ ትከሻውን ቸብ ያደርገዋል፤ ሌላው እየሳቀ እንኳ ፊቱ ጠቆር ይላል።

ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የሶሺዮሎጂ ሊቅ የሰውን የዕለት ኑሮ ከቴአትር ጋር አመሳስሎታል፤ በሰው ፊት የምናሳየው ገጽታ አለ፣ ከመጋረጃ ጀርባም ሌላ አለ። ጨዋታ መጋረጃውን ለአፍታ ገለጥ ያደርገዋል። ሙሉ በሙሉ ግን አይከፍተውም። ተጫዋቹ ካሜራ እንዳለ ያውቃል፤ ዝግጅቱም ተቆራርጦና ተቀናብሮ ይቀርባል። በአንድ ሳቅ ወይም በአንድ ቁጣ ብቻ በሰው ላይ መፍረድ አይገባም።

ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ገጠር የገና ጨዋታን የማያውቅ የለም። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን አይቆጣም ይባላል። ሜዳው ሰውን ከማዕረጉ አውጥቶ በባሕርዩ ይፈትነዋል። በእሩሯ ተመትቶ የሚስቀውንና ዱላውን ለጠብ የሚያነሳውን መንደሩ ለይቶ ያውቃል።

ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? በየትምህርት ቤቱ ክበባት ተማሪዎች ጭውውት ሲያቀርቡ አያለሁ። «እምቢ» የሚለው ቃል ተጽፎ ሲሰጣቸው ሁሉም አሳምረው ይሉታል። «ጽሑፉን አስቀምጡና እንደገና ሥሩት» ስላቸው ግን፣ «አንድ ቀን ምን አላት? ፈሪ ነህ እንዴ?» ሲባል አንደበቱ የሚተሳሰር አለ። በዝምታዋ የምትታወቅ ልጅ ደግሞ «አልፈልግም አልኩ፣ አልፈልግም!» ብላ ሁሉን ታስገርማለች። ስለ ኤች አይ ቪ ያወቅነው ሁሉ የሚፈተነው እንዲህ ባለች፣ ደራሲ በሌላት ደቂቃ ነው።

እስቲ በክበባችሁ ያለ ጽሑፍ ሞክሩት። የተሳሳተ ካለ አትሳቁበት፤ ደግሞ ይሞክር። እዚያ የተለማመዳት «እምቢ» ውጭ ስትፈለግ አትጠፋውም።