ፀሐይን ያለ ቅጠል ነዳጅ ማድረግ፦ የሶስና ኃይሌ ምርምር

ሶስና ኃይሌ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ ፕሮፌሰር ናቸው። በ1966 በአዲስ አበባ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች በጥይት ተመትተው ከቆሰሉ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሚኒሶታ ተሰደደ። ሶስና ዶክትሬታቸውን በ1992 ከኤም.አይ.ቲ. አግኝተው ከ1996 እስከ 2015 በካልቴክ አስተምረዋል።

የምርምራቸው ዋና ጉዳይ በጠጣር ነገር ውስጥ የሚዘዋወሩ አዮኖች ናቸው። ይህም ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን ሳያቃጥል አዋሕዶ ኤሌክትሪክ ወደሚያመነጨው ፊውል ሴል ይወስዳል። በ2001 ኔቸር ላይ ጠጣር አሲድ ለዚህ ሥራ እንደሚያገለግል አሳዩ። በ2004 ከዞንግፒንግ ሻኦ ጋር በዚያው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ ከባሪየም፣ ከስትሮንቲየም፣ ከኮባልትና ከብረት የተሠራ ኦክሳይድን አስተዋወቀ። ይህ ኦክሳይድ የገባበት ሴል በ600 ዲግሪ ሴልሲየስ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ1 ዋት በላይ ሰጠ፤ የተለመዱት ሴሎች ግን 800 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይፈልጉ ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚገባውን ያህል ያልተወራለት የ2010ሩ ነው። በሳይንስ መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት በዊሊያም ቹዌ መሪ ጸሐፊነት፣ ከስዊዘርላንዱ አልዶ ስታይንፌልድ ጋር የተሠራ ነው። ሰሪየም ኦክሳይድ በተሰበሰበ ብርሃን ወደ 1,500 ዲግሪ ገደማ ሲግል ከኦክስጅኑ ጥቂቱን ይለቃል፤ የክሪስታሉ አወቃቀር ግን አይፈርስም። ከ1,000 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ የውሃ እንፋሎት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል። የጎደለውን ኦክስጅን ከእነዚህ ይወስዳል፤ ከውሃው ሃይድሮጅን፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀራል። ሁለቱ ጋዞች ሲደባለቁ የፈሳሽ ነዳጅ ጥሬ ዕቃ ይሆናሉ። ማሞቅና ማቀዝቀዙ 500 ጊዜ ተደጋግሞ ኦክሳይዱ ሥራውን ቀጠለ።

ሰሪየም «ብርቅዬ ምድራዊ» ከሚባሉት ብረቶች ቢመደብም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ የሚተናነስ አይደለም። ኦክስጅን ሰጥቶ መቀበሉም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዘመናዊ የቤንዚን መኪናዎች ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ይኸው ኦክሳይድ የሚሠራው እንዲሁ ነው።

በሰሪየም ኦክሳይድ ነዳጅ የሚሠራውን ማሽን አንዳንዶች «ሶላር» ይሉታል፤ ሌሎች «ሰው ሠራሽ ቅጠል» ይሉታል። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ተደጋግሞም የሚሰማ ነው። የሶላር ፓነል የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪ ከሌለ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ነዳጅ ግን በጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ተከማችቶ የሚቆይ ፀሐይ ነው። ከቅጠል ጋር የሚያመሳስለው ይህ ግብ ብቻ ነው፤ መንገዳቸው ይለያያል። ቅጠል የሚሠራው ክሎሮፊል በሚይዘው ብርሃን ነው፤ የሚጠቀመውም የሚታየውን ብርሃን፣ ማለትም ከፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉን ነው። የሰሪየሙ ማሽን ክሎሮፊል የለውም፤ የሚፈልገው ሙቀት ስለሆነ የማይታየውም ጨረር ይጠቅመዋል። ፎቶሲንተሲስ በቀዝቃዛ ቅጠል፣ ያለ መስተዋት፣ ራሱን እየጠገነ የሚካሄድ መሆኑ ደግሞ ማንም መሐንዲስ እስካሁን ያልደረሰበት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ቅጠሉንም ማሽኑንም ማሳነስ ነው።

የ2010ሩ ማሽን ነዳጅ ያደረገው ከገባው ጉልበት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ድክመቱ በአብዛኛው ከኦክሳይዱ ባሕርይ ሳይሆን ከሚባክነው ሙቀት የመጣ ነው። የስታይንፌልድ ቡድን በዚያው ኦክሳይድ በ2017 ከ5 በመቶ በላይ ደረሰ፤ በ2022 ደግሞ በስፔን ሞስቶለስ ባለ የፀሐይ ማማ ኬሮሲን መሥራቱን አሳወቀ።

የጥቅስ ቁጥርን በተመለከተ የ2004ቱ ጽሑፍ ብቻውን ከ2,000 ጊዜ በላይ፣ የ2010ሩ ከ1,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ቁጥሩን አንስቶ «ይህን ያህል ጥቅም ላይ ዋለ» የሚል ግን ይሳሳታል። የ2004ቱ ኦክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው እንደሚጎዳ፣ አወቃቀሩም ከጊዜ ጋር እንደሚለወጥ በኋላ ታውቋል። ከጠቀሱት ብዙዎቹ ይህን ችግር ለማስረዳት፣ ወይም የራሳቸውን ኦክሳይድ ከእሱ ጋር ለማወዳደር ነው የጠቀሱት። መለኪያ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ፋብሪካ ገባ ማለት ግን አይደለም። ሻኦንና ቹዌን ዘሎ ሁሉንም ለአንድ ሰው የሚሰጥም እንዲሁ ያጠፋል፤ የሁለቱ ጽሑፎች የመጀመሪያ ስሞች የእነሱ ናቸው።

ስለዚህ የሶስናን ሥራ ለተማሪዎች የሚያስተምር መምህርም ሆነ ስለ እሳቸው የሚጽፍ ጋዜጠኛ የጥቅስ ቁጥሩን ከመጥራቱ በፊት የ2010ሩን ጽሑፍ ያንብብ።