ከሰማይ የሚዘል ሰው

የደብረ ታቦር ልጅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ እያየ ያድጋል። ዛሬ ግን ከምድር ያን ያህል ርቀው ከአውሮፕላን የሚዘሉ፥ ፓራሹታቸውንም እስኪዘረጉ ድረስ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ግድም የሚወርዱ ሰዎች አሉ።

ይህን ጥበብ ወደ አገራችን ካመጡት አንዱ በትሪኒዳድ የተወለደው፥ «የሐርለም ጥቁር ንስር» የተባለው ሁበርት ጁልያን ነው። በ1915 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሰማይ ዘልሎ ስሙን አስጠራ፤ በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ዘለለና ተሸለመ። ነገር ግን በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን አብርሮ ስለ ሰበረ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዝላይ ኃጢአት ነውን? ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ የጠየቀው ለታይታ የሚሆን ተአምር ነበር። ፓራሹቱን በጥንቃቄ ያጠፈ፥ መጠባበቂያውን የያዘ፥ ነፋሱንም የመረመረ ሰው ግን እግዚአብሔር በሰጠው አእምሮ ይሠራል እንጂ ፈጣሪውን አይፈታተንም። ለጭብጨባ ሲል ጥንቃቄን የናቀ ግን ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ልብ ለአደጋ ይሰጣል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከፍታ የሚናፍቅ ልጅ ቢኖራችሁ አትሣቁበት፤ ትዕግሥትንና ጥንቃቄን አስተምሩት። ሐዋርያትም በታቦር ክብሩን ካዩ በኋላ በዚያ አልቀሩም፤ የታመመ ልጁን ይዞ ወደሚጠብቀው አባት ከጌታቸው ጋር ወርደዋል።