ለተጎዳ አንጎል አንድ ሺህ ብር? የመኪና አደጋ ካሳ ሕጋችን በ65 ዓመቱ

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. 65 ዓመት ሞላው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ በ1953 መባቻ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የወንጀል ሕጉ በ1996፣ የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክተዋል፤ የቤተሰብ ጉዳይም የራሱን ሕግ አግኝቶ ወጥቷል። ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነትን የሚገዛው ክፍል ግን እንደተጻፈ አለ። ዛሬ ዳንግላ ከተማ መግቢያ ላይ ከባድ መኪና የገጨው ሰው ካሳ የሚጠይቀው ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ሕጉ ጭንቅላቱን ለተጎዳ ሰው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነፍገው ለማየት ጊዜው አሁን ነው።

ጥያቄው በአማራ ክልል ለሚኖረው ለአዊ ሕዝብ የየዕለት ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ የሚታጠፈው መንገድም የሚነሳው ከእንጅባራ ነው። በገበያ ቀን ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ጋሪውና ፈረሰኛው ከእግረኛው ጋር አንድ አስፋልት ይሻማሉ። ከሞተረኞቹ መካከል ሄልሜት አድርጎ የሚወጣው ጥቂቱ ነው።

ተጠያቂው ማን ነው?

በዚህ በኩል ሕጉ ለተጎጂው ያደላል፤ ማድላቱም ተገቢ ነው። አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያሽከረከረው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ማምለጫው ጠባብ ነው። ባለቤቱ በአደጋው ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት አለበት፤ አለዚያም በአንቀጽ 2086 መሠረት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ያሳያል። «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» የሚለው መከራከሪያ አያድነውም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ አደጋው በዋናነት የአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ ባለቤቶቹ ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ። መኪናውን በውክልና ሸጦ ሊብሬውን ያላዛወረ ሰው ሳያስበው ክርክር ውስጥ የሚገባውም ተጠያቂነቱ ከባለቤትነት ጋር ስለተያያዘ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው የወንጀሉንና የካሳውን መዝገብ አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ሾፌሩ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ተከስሶ በነጻ ቢሰናበት፣ ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ይመለሳል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት ካሳውን የሚያየው ዳኛ በወንጀል ችሎቱ ነጻ መባል አይታሰርም። የባለቤቱ ኃላፊነት ከመነሻውም የሾፌሩን ጥፋት አይጠብቅም።

ስለ መድኑ ባጭሩ እንለፍ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ አድርጎ ለአካል ጉዳት የሚከፈለውን እስከ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ወስኖ ነበር፤ ጣሪያው ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ለጎዳው ሰው የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ተጎጂው መያዝ ያለበት ነገር የመድን ጣሪያ የመብቱ ጣሪያ አለመሆኑን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ጉዳት የመኪናው ባለቤት ከራሱ ሀብት ይከፍላል።

የማይታየው ጉዳት

የተሰበረ እግር በራጅ ይታያል። የአንጎል ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በሰውየው አኗኗር ነው። ስም ይዘነጋል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሒሳብ ይጠፋበታል። አንዳንዱ ላይ ከወራት በኋላ የሚጥል በሽታ ይነሳል። በአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ምልክት ለማሳየት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው መባሉም ሰውየው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ቀላል የሚባለው የአንጎል መናጥ በምስል ላይወጣ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ካርድ ወርቅ ነው። ተጎጂው ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሆስፒታል ሲደርስ ባለሙያው የንቃቱን መጠን ከ3 እስከ 15 ባለው ጂሲኤስ በተባለው መለኪያ ይመዘግባል። 8ና ከዚያ በታች ከባድ፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 13ና ከዚያ በላይ ቀላል ጉዳት ይባላል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሪፈር ሲጻፍም ይህ ቁጥር አብሮ መሄድ አለበት። ከዓመት በኋላ የሐኪሞች ቦርድ የዘላቂ ጉዳቱን መቶኛ ሲወስን መነሻ ከሚያደርጋቸው ማስረጃዎች አንዱ እሱ ነው። በትራፊክ ፖሊስ የተነሳው የአደጋ ፕላን፣ የሪፈር ወረቀቱ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኙ ሁሉ በአንድ ፌስታል ይቀመጥ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ ሕክምናውንም ቀጠሮውንም ሲያጓትት ሰንብቷል፤ ወረቀት የጠፋበት ሰው ሸክሙ እጥፍ ይሆንበታል።

የአንድ ሺህ ብሩ አንቀጽ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነጥብ ልምጣ። አካሉ ለተጎዳ ሰው አንቀጽ 2113 የሕሊና ጉዳት ካሳ ይፈቅዳል። አንቀጽ 2116 ግን ይህ ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ያህል ስለነበር 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ አሥር ዶላር አይገዛም።

ይህ ጣሪያ ጭንቅላቱን የተጎዳውን ሰው ከሌላው ሁሉ አብልጦ ይበድለዋል። እግሩ የተቆረጠ ሰው ዋናው ጉዳቱ በመቶኛና በገቢ ይሰላል። አንጎሉ የተጎዳ አባት ግን ያጣው ትዝታውን፣ ጠባዩን፣ ከልጆቹ ጋር ተጫውቶ መዋልን ነው። ይህ ሁሉ ወደ ሕሊና ጉዳት ሣጥን ሲገባ ዋጋው በ1,000 ብር ይዘጋል። እኛው አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ለተነካበት ደራሲ የሚሰጠው የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም ስሙ ለጠፋ ሰው እስከ 100,000 ብር ፈቅዶ ነበር። ለደራሲውና ስሙ ለጠፋው ሰው የተሰጠው ክብር ተገቢ ነው፤ ለተጎዳው ገበሬ አእምሮ የተነፈገው ግን በምንም መልኩ ሊጸና አይገባም። የአርቃቂው አገር ፈረንሳይ እንኳ ለሕሊና ጉዳት በሕግ የተቆረጠ ጣሪያ የላትም።

ጣሪያው ከተነሳ ካሳው ልጓም ያጣል፣ የመድን ዋጋም ይወደዳል የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን እረዳለሁ። ሆኖም አንቀጽ 2102 ልኩ በትክክል የማይታወቅን ጉዳት ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጥ አስቀድሞ አምኖታል። ለጠፋ ገቢ የታመነ ዳኛ ለጠፋ ትዝታ የማይታመንበት ምክንያት አይታየኝም።

እስኪሻሻል ድረስ

ጣሪያው ባለበት ዘመን ጥሩ ጠበቃ የሚሠራው ጉዳቱን በተቻለ መጠን በቁሳዊ ጉዳት ዘርዝሮ ማቅረብ ነው። ብቻውን መዋል የማይችል ሰው አስታማሚ ያስፈልገዋል፤ የአስታማሚው ድካም በወር ይተመን፣ የቤተሰብ አባል ቢሆንም። መድኃኒቱ፣ ወደ ባሕር ዳር ምልልሱ፣ ማሳውን በቅጥር የማሳረሱ ወጪ ይቆጠር። አንቀጽ 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ያዝዛል። የደመወዝ ወረቀት የሌለው ገበሬ ገቢውን በቀበሌ ማስረጃና በጎረቤት ምስክር ያስረዳል። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰውም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ጊዜ ነው። በአንቀጽ 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ረዘም የሚለው ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚበልጥ ሲሆን ነው። ሁለተኛው የችኮላ ዕርቅ ነው። ሾፌሩ ሲታሰር የወገኖቹ ሽማግሌዎች የሕክምና ብር ይዘው ይመጣሉ፤ ሽምግልናው ይከበር፣ ብሩም ለሕክምናው በደረሰኝ ይወሰድ። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ግን የሐኪሞች ቦርድ ውጤት ሳይታወቅ አይፈረም።

የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ፌዴራሉ ዝም ካለ ክልሉ አንቀጽ 2116ን አንስቶ ሊመክርበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ በፊት ግን በእንጅባራም ሆነ በባሕር ዳር ችሎት የቆመ ጠበቃ፣ ውጤቱን እያወቀም ቢሆን፣ የሕሊና ካሳውን በሙሉ መጠኑ ይጠይቅ፤ ጣሪያው የሚቆርጠውን ገንዘብ በመዝገብ ላይ ያስፍር። ሕግ አውጪው የሚያየው የተጻፈ ኪሳራ ሲቀርብለት ነው።